ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀስ ገበያን በአማርኛ መግለጽ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። «ዋጋው በትንሽ በትንሹ ነው የወጣው። ጨመረ ብዬ ልለፈው? አሻቀበ ልበል? ናረ ብል ይከብዳል?» ጠያቂዎቹ የገበያ ዜና የሚጽፉ፣ ለአለቃቸው ሳምንታዊ ሪፖርት የሚያዘጋጁ፣ ወይም ስለ አክሲዮንና ስለ ምንዛሪ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያካፍሉ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ስመልስ ስለከረምኩ አሁን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። «ቀስ በቀስ» የሚነግረን ዋጋው ምን ያህል ርቀት እንደሄደ ሳይሆን ርቀቱን እንዴት እንደሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የ500 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳየው የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ በዓመቱ ውስጥ 19 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ በአንድ ቀን 2 በመቶ የወረደበት ቀን ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1987 ደግሞ ሌላው የአሜሪካ የአክሲዮን ኢንዴክስ፣ ዳው ጆንስ፣ በአንድ ቀን ብቻ 22.6 በመቶ ወደቀ። አቅጣጫው ይለያይ እንጂ መጠኑ ይቀራረባል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ግስ የሚጽፍ ሰው ግን አንባቢውን አሳስቷል። ስለዚህ ቃል ከመምረጣችን በፊት ቁጥሩን እናያለን። ከታች ያሉት ደረጃዎች የመጀመሪያ ግማሽ ስለ ቁጥር የሆነውም ለዚህ ነው። አትዝለሏቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ የ20 የግብይት ቀናት የመዝጊያ ዋጋ፣ ማለትም ገበያው ሲዘጋ የነበረው የመጨረሻ ዋጋ። 20 ቀን ወደ አንድ ወር የሚጠጋ የገበያ ጊዜ ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የገበያውን የተለመደ እርምጃ ማወቅ ይከብዳል።
- ካልኩሌተር ወይም ኤክሴል።
- የመስመር ግራፍ። ግን ግራፉ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱን በማስጠንቀቂያው ላይ እነግራችኋለሁ።
- ባለፈው የጻፋችሁት ሪፖርት። ባለፈው ሳምንት 1 በመቶን «ጨመር አለ» ብላችሁ በዚህ ሳምንት ያንኑ «አሻቀበ» ካላችሁት አንባቢ ያልተፈጠረ ነገር የተፈጠረ ይመስለዋል።

ደረጃ 1፦ የሚንቀሳቀሰውን ነገር በስሙ ጥሩት

«ገበያው ቀነሰ» አይበቃም። የቀነሰው ዋጋው ነው? የተገበያየው መጠን ነው? ወለዱ ነው? ይህን መለየት ያለባችሁ ግሱ ከባለቤቱ ጋር ስለሚሄድ ነው። ዋጋ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ገንዘብ ይጠናከራል፣ ይዳከማል። ግብይት ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይሳሳል። ክምችት ይመነምናል። የመግዛት አቅም ይሸረሸራል። ውጥረትና ግሽበት ይረግባሉ። «ዋጋው ሳሳ» ወይም «ክምችቱ ረከሰ» ብትሉ ግን ሰሚው ግራ ይጋባል።

እዚህ ላይ ሁለት ቦታ ብዙ ሰው ይወድቃል።

አንደኛው ምንዛሪ ነው። 1 ዶላር ከ145 የን (የጃፓን ገንዘብ) ወደ 150 የን ከሄደ ቁጥሩ ጨምሯል፤ የን ግን ተዳክሟል። «የን ጨመረ» ካላችሁ ነገሩን ገልብጣችሁታል። ሁልጊዜ «የን በዶላር አንጻር ተዳከመ» ብላችሁ ማን ከማን አንጻር እንደሆነ ጻፉ። ገበያው ራሱ ሲያደርገው «ተዳከመ» ነው፤ መንግሥት ወስኖ ሲያደርገው «እንዲዳከም ተደረገ» ነው። እነዚህን ሁለቱን አታቀላቅሉ።

ሁለተኛው ቦንድ ነው፣ ማለትም መንግሥት ወይም ኩባንያ ገንዘብ ሲበደር የሚሸጠው የብድር ሰነድ። የቦንድ ዋጋ ሲወርድ ይልዱ፣ ማለትም ገዢው ከቦንዱ በመቶኛ የሚያገኘው ትርፍ፣ ይወጣል። «ቦንድ ጨመረ» ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት ግማሹ አንባቢ በአንድ በኩል፣ ግማሹ በተቃራኒው ይረዳዋል። ዋጋውን ነው ወይስ ይልዱን? ስሙን ጥሩ።

ደረጃ 2፦ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ቁረጡ

«ቀስ በቀስ» ያለ ጊዜ ትርጉም የለውም። በአንድ ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ የወረደ ዋጋ በወሩ ሲታይ ድንገተኛ ውድቀት ሊሆን ይችላል። መነሻ ቀንና መድረሻ ቀን ጻፉ። ከማን ጋር እንደምታነጻጽሩም ወስኑ፦ ከትናንት መዝጊያ ጋር ነው፣ ካለፈው ሳምንት መጨረሻ፣ ወይስ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር? አንዴ ከወሰናችሁ በጽሑፉ መሀል አትቀይሩት።

ደረጃ 3፦ ለውጡን በመቶኛ አስሉ፣ ከዚያ ከተለመደው ጋር አወዳድሩት

ነጥብ ብቻውን ያታልላል። ኢንዴክሱ 38,000 ላይ ሆኖ 190 ነጥብ ቢጨምር ትልቅ ይመስላል፤ ግን ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ፦ አዲሱን ከአሮጌው ቀንሱ፣ ለአሮጌው አካፍሉ፣ በ100 አባዙ።

ቀጥሎ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። 1 በመቶ ለትልልቆቹ ምንዛሪዎች በአንድ ቀን ትልቅ እርምጃ ነው። ለአንድ ኩባንያ አክሲዮን የተለመደ ነው። ለክሪፕቶ፣ እንደ ቢትኮይን ላሉት ዲጂታል ገንዘቦች፣ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል መጠቀም የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የ20ውን ቀን ዕለታዊ ለውጦች ውሰዱ፣ የመቀነስ ምልክቱን አጥፉና አማካዩን አውጡ። ይህ የዚያ ገበያ የተለመደ ዕለታዊ እርምጃ ነው። እኔ የምሠራበት ልክ እንዲህ ነው፦

- ከአማካዩ ግማሽ በታች ከሆነ «ባለበት ረጋ» ወይም «ብዙም አልተነቃነቀም»።
- አማካዩ አካባቢ ከሆነ «ጨመር አለ»፣ «ቀነስ አለ»።
- ከዚያ በላይ ከሆነ «ጨመረ»፣ «ቀነሰ»።
- የአማካዩ እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ስለ ቀስታ መናገር አቁሙ። ያ ዝላይ ወይም ውድቀት ነው።

ይህ ልክ ሕግ አይደለም፣ እናንተ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ። ዋናው ነገር አንድ ልክ ይዛችሁ በእሱ መጽናታችሁ ነው።

ትንንሽ ለውጦች እንደሚጠራቀሙም አትርሱ። በቀን 0.3 በመቶ ብቻ የሚቀንስ ዋጋ በ20 ቀን 5.8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዕለታዊ ሪፖርት ብቻ የሚጽፍ ሰው 20 ቀን ሙሉ «ቀነስ አለ» ሲል ይቆይና ትልቁ ምስል ያመልጠዋል።

ደረጃ 4፦ በእርግጥ ቀስ በቀስ መሆኑን ፈትኑ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ሁለት የአሥር ቀን ሰንጠረዦች እንይ። ሁለቱም ከ100 ተነስተው 102.7 ላይ ይደርሳሉ።

ሀ) 100.4፣ 100.3፣ 100.9፣ 101.2፣ 101.1፣ 101.6፣ 102.0፣ 102.3፣ 102.2፣ 102.7

ለ) 99.9፣ 100.1፣ 100.0፣ 100.2፣ 100.1፣ 102.5፣ 102.4፣ 102.6፣ 102.5፣ 102.7

ሁለቱም 2.7 በመቶ ጨምረዋል። መነሻና መድረሻውን ብቻ ያየ ሰው ልዩነታቸው አይታየውም። አሁን ሁለት ነገር ጠይቁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ትልቁ የአንድ ቀን ለውጥ ከጠቅላላው ስንት እጅ ነው? በ«ሀ» ትልቁ ቀን 0.6 ነው፣ ከ2.7ቱ ሩብ እንኳ አይሞላም። በ«ለ» ግን ስድስተኛው ቀን ብቻውን 2.4 ወስዷል፣ ከጠቅላላው 89 በመቶ ማለት ነው። አንድ ቀን ብቻውን ከግማሽ በላይ ከወሰደ እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ አይደለም። ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ስንቱ ቀን በአንድ አቅጣጫ ሄደ? በ«ሀ» ከአሥሩ ሰባቱ ወደ ላይ ናቸው። በ«ለ» አምስት ለአምስት ነው፣ አቅጣጫ የለውም።

ስለዚህ «ሀ»ን «በአሥር ቀን ውስጥ እየጨመረ ሄዶ 102.7 ደረሰ» እንላለን። «ለ»ን ደግሞ «አምስት ቀን ባለበት ከረጋ በኋላ በስድስተኛው ቀን ብድግ ብሎ እዚያው ቆየ» እንላለን። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ታሪኩ ግን ፍጹም የተለያየ ነው። ገንዘቡን እዚያ ገበያ ላይ ያስቀመጠ ሰው ይህን ልዩነት የማወቅ መብት አለው።

ደረጃ 5፦ ግሱን ምረጡ

አሁን ወደ ቃሉ መጣን። አማርኛ ለዚህ ሥራ በጣም የተመቸ መሣሪያ አለው፣ ግን ሰው ለጽሑፍ የማይመጥን እየመሰለው ይተወዋል። ጨመር አለ፣ ቀነስ አለ፣ ረገብ አለ፣ ቀዝቀዝ አለ፣ ሞቅ አለ፣ ጠንከር አለ፣ ደከም አለ። እነዚህ ሁሉ «ጥቂት» የሚለውን በውስጣቸው ይዘዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ብድግ አለ፣ ቅንስ አለ የሚሉት ድንገተኛነትን ይናገራሉ። «ቀነስ አለ» እና «ቅንስ አለ» በፊደል ይቀራረባሉ፤ በትርጉም ግን አንዱ ለዘብተኛ፣ ሌላው ድንገተኛ ነው። ስትተይቡ ተጠንቀቁ።

ወደ ላይ ለሚሄድ፦

- ጨመረ፦ ገለልተኛ ነው። ከተጠራጠራችሁ እሱን ተጠቀሙ።
- ከፍ አለ፣ ጨመር አለ፦ ለትንሽ ጭማሪ።
- አሻቀበ፦ ሽቅብ መውጣትን ይዟል። ለረጅምና ላልተቋረጠ፣ በድምሩም ትልቅ ለሆነ ጭማሪ ብቻ። ለ1 በመቶ አይሆንም።
- ናረ፦ ከመጠን አለፈ የሚል ፍርድ አለበት። ለቀስታ አይሆንም።
- አገገመ፣ አንሰራራ፦ ከወደቀ በኋላ ለሚነሳ ብቻ። ያልወደቀ ነገር አያገግምም።

ወደ ታች ለሚሄድ፦

- ቀነሰ፦ ገለልተኛ።
- ዝቅ አለ፣ ቀነስ አለ፦ ለትንሽ ቅናሽ።
- ተንሸራተተ፦ ድምፅ ሳያሰማ፣ ማንም ሳያቆመው በጥቂት በጥቂቱ ለሚወርድ። ለቀስተኛ ቅናሽ የምወደው ቃል ይህ ነው።
- አሽቆለቆለ፦ ቁልቁል መውረድን ይዟል። ጊዜ የወሰደና ብዙ የወረደ መሆን አለበት። የጃፓኑ ኒኬይ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ጣሪያ ከነካ በኋላ ለዓመታት የሆነውን ለመግለጽ ይመጥናል። ለአንድ ሳምንት ግን ከባድ ነው።
- ተሸረሸረ፦ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ለሚጎድል ዋጋ ወይም አቅም። «የገንዘቡ የመግዛት አቅም ተሸረሸረ።»
- ወደቀ፣ ተምዘገዘገ፦ እነዚህ የፍጥነት ቃላት ናቸው። ከዚህ መመሪያ ውጭ ናቸው፣ ለደረጃ 4 ፈተና ለወደቁት አስቀምጧቸው።

ለማይንቀሳቀስ ወይም አቅጣጫ ለሌለው፦

- ባለበት ረጋ፦ ሳይነቃነቅ የቆየ።
- ተረጋጋ፦ ከዚህ በፊት ሲናወጥ የነበረ መሆን አለበት። ድሮም ጸጥ ያለ ገበያ «ተረጋጋ» አይባልም።
- ከፍ ዝቅ ሲል ቆየ፦ በጠባብ ክልል ውስጥ ለሚመላለስ።
- ዋዠቀ፦ ለሰፊ መመላለስ። ለጥቂት ነጥብ ልዩነት አትጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ ጊዜውን በግሱ ላይ ጨምሩ

«እየጨመረ መጣ» እና «እየጨመረ ሄደ» አንድ አይደሉም። «መጣ» እኛ ወዳለንበት ጊዜ ያቀርበዋል፣ እስከ ዛሬ የደረሰ ነገር ነው። «ሄደ» ከዚያ ከተነሳበት ነጥብ ወደፊት ያያል፣ ዛሬ ላይ መድረሱን አይናገርም። ስለ ባለፈው ዓመት የሚናገር ሪፖርት «ሄደ» ይበጀዋል። ስለዚህ ሳምንት የሚናገር «መጣ» ይለዋል።

ከዚያ ደግሞ እነዚህ አሉ፦

- ሲንሸራተት ዋለ፦ በአንድ የገበያ ቀን ውስጥ።
- ሲንሸራተት አደረ፦ በሌሊት።
- ሲንሸራተት ሰነበተ፦ ለቀናት፣ ለሳምንታት።
- ሲንሸራተት ከረመ፦ ለወራት።
- ሲንሸራተት ኖረ፦ ለዓመታት።

አንዲት ግስ ብቻ ጨምራችሁ ጊዜውንም ዝግታውንም ነገራችሁ ማለት ነው። «ቀስ በቀስ ለረጅም ጊዜ ቀጣይነት ባለው መልኩ የመቀነስ አዝማሚያ አሳየ» ከሚል ዓረፍተ ነገር «ለሦስት ወር ሲንሸራተት ከረመ» ይሻላል። ያጥራል፣ ይገባል፣ ሰውም እንዲህ ነው የሚናገረው።

«አደረ»ን ስትጠቀሙ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። የምንዛሪ ገበያ በሥራ ቀናት 24 ሰዓት ይሠራል። ክሪፕቶ ደግሞ ሰባቱንም ቀን። ስለዚህ ለእነሱ ይሠራል። ማታ የሚዘጋ የአክሲዮን ገበያ ግን ሲንሸራተት ሊያድር አይችልም፣ ዋጋ የሚሰጥ ግብይት የለማ። ጠዋት ዝቅ ብሎ ከተገኘ «ከትናንት መዝጊያው ዝቅ ብሎ ከፈተ» በሉት።

ደረጃ 7፦ የአካሄድ ገላጭ አንድ ብቻ ጨምሩ

ግሱ ራሱ ዝግታውን ከተናገረ ገላጭ አያስፈልግም። «በትንሹ ጨመር አለ» ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ካስፈለገ ግን እንደ ቅርጹ ምረጡ።

«ቀስ በቀስ» ለአጠቃላይ ዝግታ ነው። «እያደር» ከቀን ወደ ቀን ለሚጠነክር ነገር ይሆናል፣ መጀመሪያ ላይ የማይታይ በኋላ ግን ግልጽ የሚሆን። «ደረጃ በደረጃ» ደግሞ እየቆመ ለሚሄድ ነው። ይህ የመጨረሻው ለማዕከላዊ ባንክ ወለድ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ወለዱ በውሳኔ ቀን ይቀየራል፣ በመካከል ይቆማል። የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2004 እስከ ሰኔ 2006 ወለዱን 17 ጊዜ፣ በየጊዜው 0.25 የመቶኛ ነጥብ እየጨመረ ከ1 ወደ 5.25 በመቶ አወጣው። ይህን «ደረጃ በደረጃ» ለማለት ማንም አይከራከራችሁም። እ.ኤ.አ. በ2022ም በድምሩ ያው 4.25 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ፣ ግን ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ በ7 ውሳኔ ብቻ፣ አራቱ እያንዳንዳቸው 0.75 ሆነው። እዚህ «ደረጃ በደረጃ» ብቻ ብሎ መተው ፍጥነቱን ይደብቃል። «በፈጣንና በትልልቅ ደረጃዎች» ማለት ይሻላል።

ደረጃ 8፦ የተለወጠው ዋጋው ነው ወይስ ፍጥነቱ? ለዩ

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ዋጋ 100 ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 108 ሆነ። በሁለተኛው 112። የመጀመሪያው ጭማሪ 8 በመቶ፣ የሁለተኛው 3.7 በመቶ ነው። ምን ቀነሰ? ጭማሪው። ዋጋው ግን አሁንም ጨምሯል፣ ከ100 ተነስቶ 112 ላይ ነው። ግሽበት ከ8 ወደ 3.7 በመቶ ሲወርድ «ዋጋ ቀነሰ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢው ያላየውን ርካሽነት እየነገረው ነው። አንባቢው ኪሱን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሌላውንም ጽሑፋችሁን አያምንም።

ትክክለኛዎቹ አገላለጾች እነዚህ ናቸው፦ «የዋጋ ጭማሪው ረገብ አለ»፣ «ዋጋው መጨመሩን ቢቀጥልም ፍጥነቱ ቀነሰ»፣ «ግሽበቱ ለዘብ አለ»። በተቃራኒው ሲሆንም እንዲሁ፦ «ዋጋው መውረዱን አላቆመም፣ አወራረዱ ግን ቀዝቀዝ ብሏል»። «ዋጋ»፣ «ጭማሪ»፣ «የጭማሪው ፍጥነት» ሦስት የተለያዩ ባለቤቶች ናቸው። ግሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጣታችሁን ባለቤቱ ላይ አድርጉ።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩን በ«ከ»፣ በ«በ» እና በ«ወደ» አስሩ

«ወለዱ ወደ 5 በመቶ ጨመረ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። 5 በመቶ ላይ ደረሰ ማለት ነው? ወይስ 5 በመቶ ገደማ ጨመረ? «ወደ» ሁለቱንም ይሆናል። ስለዚህ መድረሻውን ስትናገሩ «ከ4 በመቶ ተነስቶ 5 በመቶ ደረሰ» በሉ። ግምት ስትናገሩ «5 በመቶ ገደማ»። የለውጡን መጠን ስትናገሩ «በ»ን ተጠቀሙ።

ከ4 ወደ 5 በመቶ መሄድ «በ1 በመቶ ጨመረ» አይደለም። በ1 የመቶኛ ነጥብ ነው የጨመረው፤ በመቶኛ ከተሰላ 25 በመቶ ነው። ቀስ በቀስ የሚሄድ ወለድ ላይ ለውጦቹ ትንንሽ ስለሆኑ ይህ ስሕተት ምስሉን ጨርሶ ይቀይረዋል። ባለሙያዎች «ቤዚስ ፖይንት» የሚሉት የመቶኛ ነጥብ መቶኛ እጅ ነው። 0.25 የመቶኛ ነጥብ 25 ቤዚስ ፖይንት ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ዓረፍተ ነገሩን ግጠሙና ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ቅደም ተከተሉ፦ ማን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት፣ በምን አካሄድ፣ ግስ። ለምሳሌ ቅድም ያየነው «ሀ» ኢንዴክስ ከሆነ፦

«ኢንዴክሱ ባለፉት አሥር የግብይት ቀናት ከ100 ተነስቶ፣ አልፎ አልፎ ጥቂት ዝቅ እያለም ቢሆን፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ መጥቶ 102.7 ላይ ዘግቷል።»

ጮክ ብሎ ማንበቡ ለምን? ዓይን የሚያልፈውን ድግግሞሽ ጆሮ ይይዘዋል። ሲነበብ ትንፋሽ ካጠራችሁ ለሁለት ክፈሉት።

ማስጠንቀቂያ

ግራፍ አይታችሁ ብቻ ቃል አትምረጡ። የጎን መስመሩ ከ99 እስከ 103 ከሆነ 2.7 በመቶ ተራራ ይመስላል። ከዜሮ ከጀመረ ደግሞ ያው ቁጥር ጠፍጣፋ ሜዳ ይሆናል። ግራፉ የሚጠቅመው ቅርጹን ለማየት ነው፣ መጠኑን ከስሌቱ ውሰዱ።

«ተሻሻለ» እና «ተባባሰ» ለዋጋ አትጠቀሙ። የወለድ መጨመር ለቆጣቢ መልካም፣ ለተበዳሪ ሸክም ነው። ለማን ተሻሻለ? ጨመረ ወይም ቀነሰ ብላችሁ ፍርዱን ለአንባቢው ተዉለት።

ቀስ በቀስ ሲሄድ የቆየ ነገር ነገም እንዲሁ ይሄዳል ብላችሁ አትጻፉ። «እየጨመረ ነው» ማለት ራሱ ለአንዳንድ አንባቢ «ይጨምራል» ሆኖ ይሰማል። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ያነቡታል። ቀን ቁረጡለት፦ «እስከ ዓርብ መዝጊያ ድረስ ሲጨምር ሰንብቷል።»

ምክንያት ካላረጋገጣችሁ «በ... ምክንያት» አትበሉ። ለቀናት የተጠራቀመ ትንሽ በትንሽ ለውጥ ብዙ ጊዜ አንድ ምክንያት የለውም። በጊዜ ተከታትለው መምጣታቸውን ብቻ የምታውቁ ከሆነ «...ን ተከትሎ» በቂ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- «ቀስ በቀስ ናረ»፦ ሁለቱ ቃላት ይጣላሉ። «እየጨመረ መጣ» ወይም «ናረ»፣ አንዱን ምረጡ።
- «ዋጋ ወጣ»፦ «ዋጋ ወጣለት» ማለት ተተመነለት ማለትም ስለሆነ ያምታታል። «ዋጋው ጨመረ» በሉ።
- በአንድ አንቀጽ ውስጥ ለአንድ ለውጥ «ጨመረ፣ አደገ፣ አሻቀበ፣ ናረ» እያሉ መቀያየር። ለጽሑፉ ውበት ተብሎ ነው፤ አንባቢው ግን አራት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ይመስሉታል። ድግግሞሽ እዚህ ነውር አይደለም።
- 10 በመቶ የወረደ በ10 በመቶ ሲጨምር «ወደ ነበረበት ተመለሰ» ማለት። ከ100 ወደ 90 የወረደ በ10 በመቶ ቢጨምር 99 ነው። ለመመለስ 11.1 በመቶ ይፈልጋል። «አብዛኛውን አገገመ» በሉት።
- «የድብ ገበያ» የሚለውን ለማንኛውም ቀስተኛ ቅናሽ መስጠት። በተለምዶ ከጣሪያው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲወርድ ነው የሚባለው፤ 10 በመቶ ሲሆን «እርማት» ይባላል። ከዚያ በታች ከሆነ በቃ ቀንሷል።
- «የመቀነስ አዝማሚያ የማሳየት ሁኔታ ታይቶበታል»፦ ቀነሰ።